የገመቹ አገጭ

ሰሞኑን አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ቁጭ እላለሁ፣ እነሳለሁ። ጓዳ እገባለሁ፣ ምን ልወስድ እንደገባሁ ይጠፋኛል። ቀሚሴን ሁለቴ አጠብኩት፤ የቀለም ሽታው ግን አልለቅ አለኝ። የቡራዩ ጋለሪያችን ሰፍቶ እንደገና ሊከፈት ሽር ጉድ ሲባልለት ላየው ሄጄ፣ ያልደረቀ ግድግዳ ተደግፌ ነው እንዲህ የሆነው። ዕድሜዋን በቀለም የኖረች ሴትዮ ያልደረቀ ግድግዳ ትደገፍ! ሌላ ሰው ቢያደርገው ስቄ አልጠግብም ነበር። ያ ሽታ ነው ጎትቶ ወደ ድሮው የወሰደኝ፤ ጋለሪው ከተከፈተም በኋላ እስከዛሬ አልመለሰኝም። እስቲ ልጻፈው፣ ምናልባት ይተወኝ ይሆናል። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናገር፦ የሰዎቹን ስም ሁሉ ቀይሬያለሁ። አገጭ እያልኩ የማወራውም ነገር አገጭ ላይሆን ይችላል፤ እሱን ለእኔ ተዉልኝ። ለምን እንደቀየርኩ ስትጨርሱ ይገባችኋል።

ያን ጊዜ ቡራዩ ይህች የዛሬዋ ቡራዩ አልነበረችም። ዛሬ ከአስኮ ተነስቶ ከታ ሰፈር ለመድረስ ባጃጁ፣ ሲኖትራኩና ታክሲው ተጠላልፎ ሰው በእግሩ ይቀድማል። ያኔ የአምቦ መንገድ ላይ አንድ አውቶቡስ ካለፈ ሌላው እስኪመጣ ሻይ ጠጥተሽ ትጨርሻለሽ፤ ሻዩም በአሥር ሳንቲም ነው። ከአስኮ በውይይት ታክሲ ስሙኒ ነበር፤ ስሙኒው ከሌለሽ ረዳቱ ያውቅሻልና «ግቢ፣ ግቢ» ይልሻል። ወንዱ ትከሻው ላይ ስፖንጅ የገባበት ኮት፣ ሴቱ ወገቡ ሽንሽን የሆነ ቀሚስና ከመርካቶ የመጣ ሻሽ። እኔ የምሠራበት ፎቶ ቤት ፊት ለፊት ካሴት ቤት ነበረ። አንድ ዘፈን ከያዘ ክረምቱን ሙሉ እሱኑ ነው የሚያስጮኸው፤ መስከረም ሲጠባ ዘፈኑን ወላ ዶሮዎቹም ሳያውቁት አይቀሩም። የካሴት ቤቱ ልጅ አገጩ መሀል ስርጉድ ያለ፣ ሲስቅ ስርጉዱ የሚጠፋ፣ ቀይ ዳማ ወጣት ነበር። ስሙን ጠይቄው አላውቅም። በመስኮት ግን ሦስት ዓመት አይቼዋለሁ፤ ምን ይደበቃል፣ አርጅቻለሁ።

ፎቶ ቤቱ የጋሽ ታዬ ነበር። ጋሽ ታዬ ያነሳሉ፣ ጨለማ ክፍል ገብተው ያጥባሉ፤ እኔ ቀለም እቀባለሁ። ዛሬ ይሄን ሙያ የሚያውቅ የለም። ፎቶው ነጭና ጥቁር ነው። ክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ እጠቀልልና በዘይት ቀለም ከንፈሩን ቀላ፣ ጉንጩን ሞቅ፣ የነጠላውን ጥለት አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ አደርጋለሁ። ለጥለቱ ለጥለቱማ እጄ ቀጥ ያለ ነበር፤ ደርሶ የሚንቀጠቀጠው ዛሬ ነው። ሰዉ ፎቶ የሚያስቀባው እንዲያምር ብቻ አይደለም፣ የጎደለው እንዲሞላለት ነው። ክራቫት ያላሰረው «ክራቫት አስሪልኝ» ይላል። ከሰበታ ፋብሪካ እሑድ እሑድ የሚመጡ ልጃገረዶች «ደም ጨምሪበት፣ እናቴ ከሳሽ እንዳትለኝ» ይሉኛል። አንድ የሱሉልታ ሰውዬ የሞተች ሚስቱን ጉርድ ፎቶና የራሱን ጉርድ አምጥቶ «አጠገብ ለአጠገብ አድርጉን» አለ፤ በኑሯቸው አንድ ላይ ተነስተው አያውቁም ነበር። አደረግናቸው። ጋሽ ታዬ አንድ ሕግ ብቻ ነበራቸው፦ «ጠይቀሽ ቀቢ። ያልነገሩሽን ከራስሽ እንዳታመጪ።»

ከራሴ ያመጣሁት አንድ ቀን ነው።

አዴ ዲንቂቱ፣ አዴ እማማ እንደማለት ነው፣ ከከታ በላይ ካሉት የድሮ ገበሬ ቤተሰቦች ናቸው፤ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ አማርኛቸው ጥቂት፤ የእኔም ኦሮምኛ ያኔ «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርሽ፣ ብሎ የሚያልቅ ነበር። ልጃቸው ገመቹ ከሄደ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። የት ሄደ? ያን ጊዜ ይሄ አይጠየቅም። ሄደ ነው የሚባለው፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ። የሄደ ልጅ ያላት እናት ደግሞ ፎቶውን ግድግዳ ላይ አትሰቅልም። አዴ ዲንቂቱም አንዲት ጉርድ ፎቶውን በጨርቅ ጠቅልለው መቀነታቸው ውስጥ ቋጥረው፣ ሲያርሙም ገበያ ሲወርዱም ይዘዋት ከረሙ። ዘመኑ ትንሽ ረገብ ሲል መጥተው ጋሽ ታዬ ጠረጴዛ ላይ ፈቱት። ላቡና ዝናቡ ገብቶበት ፎቶው ከጨርቁ ጋር ተጣብቆ ኖሮ፣ ሲላቀቅ ከአፍንጫው በታች ያለው ሁሉ ጨርቁ ላይ ቀረ። ዓይኑ አለ፣ ግንባሩ አለ፣ ጆሮው አለ። ከንፈርና አገጭ የለም። አዴ ዲንቂቱ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንስተው የቀረው እዚያ ላይ ይታይ እንደሆነ አገላብጠው ፈለጉት። አንጀቴን በሉት።

ጋሽ ታዬ አሳድገው አተሙት፤ ታችኛው ግማሽ ባዶ ወረቀት ሆኖ ወጣ። እንግዲህ ተራው የእኔ ነው። «አዴ፣ ከንፈሩ እንዴት ነው? ወፍራም ነው? ቀጭን?» አልኳቸው። «ባሬዳ» አሉኝ። ቆንጆ ማለታቸው ነው። «አገጩስ? ሾል ያለ ነው፣ ክብ ነው?» «ባሬዳ።» «ማንን ይመስላል?» «ገመቹን» አሉኝ፣ ምን የማይረባ ጥያቄ ነው በሚል ዓይን። አባቱ አርፏል፣ ሌላ ወንድም የለውም፣ አጠገባቸው ያለችው ትንሿ ልጃቸው ለሊሴ ናት፤ እሷም አውራ ጣቷን እየጠባች ቀሚሳቸው ውስጥ ተደብቃለች። አራት ቀን ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥኩ። እስላለሁ፣ እፍቃለሁ። በአምስተኛው ቀን ቀና ስል የካሴት ቤቱ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል። ሲስቅ ስርጉዱ የሚጠፋው አገጭ፣ ሳቁን ሲጨርስ ተመልሶ መጣ። እጄ ራሱ ሄደ። ከንፈሩን ከዚህም ከዚያም ካየሁት ሰበሰብኩት፤ አገጩን ግን ያለ ምንም ይሉኝታ ከዚያ ሰውዬ ወሰድኩት፣ ስርጉዱን ሳይቀር። ስጨርስ ዓይኑና አፉ የአንድ ሰው ሆኑ። እውነቴን ነው፣ ጋሽ ታዬ እንኳ የት ጋ እንደተቀጠለ መለየት አቅቷቸው መነጽራቸውን አወለቁ። በዕድሜዬ የሳልኩት አንድ ሥዕል እሱ ነው። ሌላው ሁሉ መቀባት ነበር።

አዴ ዲንቂቱ ሲመጡ ከጠረጴዛው ጀርባ ቆሜ ላብ አጠመቀኝ። ሥዕሉን ተቀበሉ፣ በረጅሙ አዩት። በአውራ ጣታቸው አገጩን አንዴ ዳሰሱት። ከዚያ ደረታቸው ላይ አስጠግተው «ገመቹ ኮ» አሉ፣ የእኔ ገመቹ። ስሙ ደስታ ማለት ነው። አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ጋሽ ታዬ ጨለማ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ያን ቀን ጋሽ ታዬ አይከፍሉም ብለው ሸኟቸው። እኔ ግን ያችን የአውራ ጣት ነገር እስከዛሬ እያሰብኳት አለሁ። አውቀው ነው? ሳያውቁ ነው?

ወዲህ ልመለስና፣ መታወቂያዬን ላሳድስ የሄድኩ ዕለት ጸሐፊው «ሙያ?» አለኝ። «ሰዓሊ» አልኩት ደፍሬ። «የቤተ ክርስቲያን ነው የሚስሉት?» «አይደለም።» «ታዲያ የምን?» «የሰው» አልኩት። አየኝ፣ አየኝና «ቀለም ቀቢ» ብሎ ጻፈ። ያንን መታወቂያ ያየ ጎረቤቴ «አጥሬን ስንት ትቀቢልኛለሽ?» ብሎኛል፤ ቀልዱን አይደለም። ባሌም ነፍሱን ይማረውና ለዘመዶቹ ሲያስተዋውቀኝ «ፎቶ ትቀባለች» ነበር የሚለው። ሰዓሊ የምትለዋን ቃል ከማንም አፍ ሰምቼ አላውቅም። ትንሽ ነገር ናት፣ አውቃለሁ። ግን ሰው አንዳንዴ በትንሽ ነገር ነው ዕድሜውን ሙሉ ሆዱ የሚባባው።

ጋለሪው የተከፈተው ሥዕሉን ከሠራሁ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው፣ መንግሥትም ተለውጦ፣ ጋሽ ታዬም አርፈው፣ ባለቀለም ፎቶ መጥቶ እኔም ሥራ ፈትቼ። አንድ የሥዕል መምህር ሥራ ያቆመ ወፍጮ ቤት ለምነው አገኙ። ግድግዳውን አብረን አጠብነው፤ ከየስንጥቁ የሚወጣው ዱቄት ሳምንት አላልቅ ብሎን ነበር። መምህሩ ማስታወቂያ አስለፈፉ፤ መኪናው ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ግማሹን ቃል ያላምጠዋል። «ጋለሪ! ቅዳሜ ጋለሪ!» ይላል እንግዲህ። ጋለሪ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በጣት ይቆጠራል። ቅዳሜ ዕለት በሩ ሲከፈት አዴ ዲንቂቱ የታጠበ ነጭ ሸማ ለብሰው፣ ለሊሴን፣ ያኔ ልጃገረድ ሆናለች፣ አስከትለው ገቡ። ሥዕል አላዩም። ከሰው ፊት ወደ ሰው ፊት እያዩ «ገሌራ ጄዸኒ፤ ኤሳ ጂራ?» አሉ። ኦሮምኛ ለማያውቅ፣ «ገሌራ» ማለት ቤቱ ገብቷል፣ ተመልሷል ማለት ነው። እናትየው ያንን ድምፅ ማጉያ የሰሙት እንደዚያ ነው። «ገብቷል እያሉ ነው፤ የት አለ?» ነው የሚሉት።

አንዱ ከት ብሎ ሊስቅ ሲል ጎኑን ተጎሸመ። መምህሩ ኦሮምኛ ያውቃሉና ቆባቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ይዘው በቋንቋቸው አስረዷቸው፤ የገባ ሰው የለም፣ የቤቱ ስም ነው። አዴ ዲንቂቱ ሰሙ። አላለቀሱም፣ ተቆጡ። ለሊሴ ናት በአማርኛ የነገረችን፦ «ገብቷል ተብሎ የተሰየመ ቤት ልጄ ሳይኖርበት ምን ይሠራል? ትላለች።» ወጥተው ሄዱ። አይመለሱም ብለን ሻይ ስንጠጣ ያንን ፎቶ በነጠላ ሸፍነው ይዘው መጡ። መምህሩ በሩ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ የራሳቸውን ሥዕል አወረዱና ገመቹን ሰቀሉት። እኔ አንድ ጥግ ቆሜ ክው ብዬ ቀረሁ። ሥዕሌ ጋለሪ ተሰቀለ፤ ሥዕል መሆኑን ግን ማንም አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ነው ያ ቤት የእኛ የሆነው። ሰዉ ቤቱ ሰቅሎ ማየት የማይችለውን ያመጣ ጀመር። የአንድ ባለሱቅ ሐጂ ልጆች የአባታቸውን የመጀመሪያ ሱቅ ታፔላ አመጡ። ከሰበታ አንዷ የጓደኞቿን የእሑድ ፎቶ አመጣች፣ ደም የጨመርኩበትን። የሱሉልታው ባልና ሚስትም መጡ፣ አጠገብ ለአጠገብ። ዝናብ ያባረረው ይገባና ሲያባራ አይወጣም፤ ቆሞ ያያል። ሴቶች ከገበያ ሲመለሱ ዘንቢላቸውን በር ላይ አስቀምጠው ገብተው ያወሯቸዋል። ከፎቶ ጋር ማለቴ ነው! አሁን ሊሰፋ ነው ሲባል «ለሥዕል ከሚሰፋ ክሊኒክ አይሠራም ነበር?» ያለኝ ጎረቤት አለ፣ ያው አጥሬን ቀቢልኝ ያለኝ። ክሊኒክ ይሠራ፣ ማን ጠላ! ግን አንተ እናትህ ስትሞት የት ሄደህ ነው አንድ ሰዓት የቆምከው? ብዬ ጠየቅኩት። የእናቱ ፎቶ ከመስኮቱ አጠገብ ነው ያለው።

የማስፋቱን ሥራ የያዘችው ሶስና ናት። የእኛው ከተማ ልጅ ናት፤ በልጅነቷ በዚያ ወፍጮ ቤት ስትላፋ አድጋ፣ አዲስ አበባ ሥዕል ተምራ ተመለሰች። ከጎን አዲስ አዳራሽ አሠራች፣ ጣሪያው ላይ ብርሃን የሚገባበት፣ በቡራዩ ምድር ያልታየ። ሐሳቧ ይሄ ነው፦ አዲሱ አዳራሽ የሥዕል ይሆናል፣ ሰዓሊው ስሙ ተጽፎ። አሮጌው ወፍጮ ክፍል ሰዉ ያመጣው ፎቶና ዕቃ እንደነበረ ይቆያል። ያንን ያልደረቀ ግድግዳ የተደገፍኩ ዕለት እጄን ይዛ ገመቹ ፊት አቆመችኝ። ማጉያ መነጽር ነበራት። «እትዬ አስካለ፣ ከአፍንጫው በታች ፎቶ አይደለም። በእጅ የተሳለ ነው። የእርስዎ እጅ ነው፣ አይደል?» አለችኝ። እሷው ቀጠለች። «ግማሹ ከሥር ምንም ሳይኖር የተሳለ ነው እኮ! ይሄን የሠራ ሰው ሰዓሊ ነው። ይንገሩኝና የአዲሱ አዳራሽ የመጀመሪያ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ፤ ከሥሩ 'ሰዓሊ አስካለ' ብዬ እጽፋለሁ። እሑድ እስክንከፍት ያስቡበት።»

ሰዓሊ አስካለ። በመንገድ ላይ እየሄድኩ በአፌ ደጋገምኩት። አዴ ዲንቂቱ ካረፉ ቆይተዋል፤ የቀረችው ለሊሴ ናት፣ ሱሉልታ አግብታ ወተት ትነግዳለች፣ በየዓመት በዓሉ መጥታ ወንድሟን ሰላም ትለዋለች። ስሜ ከተጻፈ እሷ መስማት ያለባት ከእኔ ነው። ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አልነግራችሁም። ሐሙስ ዕለት ምን እንደቆረጠኝ አላውቅም፣ ተነስቼ አስኮ፣ ከአስኮ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ በሚኒባስ ሱሉልታ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስለማመድ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ «ደህና ነዎት?» ብላኛለች። በሯ ድረስ ሄድኩ። የወተት ጣሳ ስታጥብ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት፣ ታንጎራጉራለች። እጄን አንስቼ አወረድኩና ሳልጠራት በዚያው እግሬ ተመለስኩ።

እሑድ ሰዉ ግልብጥ ብሎ መጣ። አዲሱ አዳራሽ ብርሃኑ ከላይ ይወርዳል፤ ኦቦ የሚባሉት ሽማግሌዎች ዱላቸውን ተደግፈው ጣሪያውን ነው የሚያዩት። የመጀመሪያው ግድግዳ ባዶ ነው፤ ሶስና ለእኔ ያቆየችው ነው። ሄጄ ፊቱ ቆምኩ። እውነት ላውራ፣ በልቤ ሰቅዬ አየሁት፤ ስሜን ከሥሩ አነበብኩት። እሺ፣ እነግራታለሁ አልኩና ወደ አሮጌው ክፍል ተመለስኩ። ለሊሴ ባጃጅ የሚነዳውን ትልቁን ልጇን ይዛ ገመቹ ፊት ቆማለች።

«ለሊሴ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው» አልኳት። እናቷ ቀሚስ ሥር ተደብቃ ካየኋት ቀን ጀምሮ አንቺ ነው የምትለኝ።

«ቆይ እኔ ልንገርሽ መጀመሪያ» አለችኝ። «ሲሄድ እኮ ጡት እንኳ በቅጡ አልጣልኩም ነበር። ምንም አላስታውስም። ሰው ወንድምሽ እንዴት ያለ ነው ሲለኝ ይሄንን ነው የምነግረው። መልኩን እዚህ ነው የተማርኩት።» ልጇን በክንዱ ጎትታ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። «ይሄንን ልጅ ስወልድ እናቴ ገና አለች። አገጩን አይታ፣ ስርጉዱን እይልኝ፣ ምን አለች መሰለሽ? ገሌራ! አለች። ከዚያ ወዲያ አላለቀሰችም፣ እስክትሞት።»

ልጁ አፍሮ ሳቀ። ስርጉዱ ጠፋ፣ ተመለሰ። የማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው፤ የባሏ ወገን ይሆናል።

ሶስና ባዶ ካርድና እስክሪብቶ ይዛ ሰዉን እየገፋች መጣች። «እትዬ፣ ሰዓቱ ደረሰ። ምን ልጻፍ?»

«ገመቹ፣ የአዴ ዲንቂቱ ልጅ፣ ብለሽ ጻፊ።»

«ሰዓሊውስ?»

ለሊሴ ታየኛለች። ልጁ ያየኛል። ከግድግዳው ገመቹ ያየኛል፣ የራሱ በሆኑት ዓይኖቹ።

«ሰዓሊ የለውም» አልኩ። «ፎቶ ነው። እዚሁ ይቀመጥ፣ ቦታው እዚህ ነው።»

ሶስና አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከዚያ አንገቷን ደፍታ እንዳልኳት ጻፈች። ለሊሴ ነገሩ ግራ ገብቷት ክንዴን ያዘችና ጆሮዬ ላይ ተጠግታ፦

«ፎቶ ነው እንጂ፣ ምን መስሏት ነው የምትጠይቅሽ?» አለችኝ።